በሩን ያጣበቀው ማን ነው? (የእንጨት በር ስለ ማሠራት)

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። አያቴ አስም አለባቸው፤ የዚያን ዕለት ሌሊት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። የጎረቤታችን ልጅ ታክሲውን አስነስቶ ደጃችን ላይ ቆመ። እናቴ እማማን በጋቢ ጠቅልላ፣ እኔና ወንድሜ ደግፈን በዝናብ ውስጥ እስከ ግቢው በር አደረስናቸው። መቀርቀሪያውን ሳብኩት፤ ወጣ። በሩን ሳብኩት፤ አልመጣም። ወንድሜ ሳበው፤ አልመጣም። ባለታክሲው ከውጭ በትከሻው ገፋው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ ተከፋቾች ዝናብ ጠጥተው አብጠው እርስ በርሳቸው ተናክሰዋል። በመጨረሻ ወንድሜ አጥር ዘሎ ከጎረቤት መጥረቢያ አመጣና አንዱን ጣውላ ፈልጠን ወጣን። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ዛሬም አሉልን። ያቺን ሃያ ደቂቃ ግን አልረሳትም። ለምን ብትሉኝ፣ ያንን በር ያሠራሁት እኔ ነበርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው የሰው ስም ለማጥፋት አይደለም። የዛሬ ተማሪ ነገ ቤት ሠሪ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ማሠራታችሁ አይቀርም። በትምህርት ክፍላችን ዜና ስንጽፍ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ይነገረናል። እኔ ግን የእናቴን ገንዘብ ይዤ እንጨት ሥራ ቤት ስገባ ከስድስቱ አንዱንም በቅጡ አልጠየቅኩም። እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው ላንሳው።

ትዕዛዙ አሥር ደቂቃ ፈጀ

የድሮው በራችን ቆርቆሮ ነበር። ከታች በኩል ዝገት በልቶት ድመት የምታልፍበት ቀዳዳ ተከፍቶበታል፤ ሲዘጋ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የካቲት 2016 እናቴ እቁብ ወጣላትና በሩን ልንቀይር ተነሣን። ብረት በር ይሁን ስንል እማማ አልተስማሙም። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ጎጃም ገጠር ስለሆነ፣ በር ማለት ለሳቸው ሳንቃ ነው። «የእንጨት በር ሲዘጋ አይጮህም፤ ለተኛ ሰው ያዝናል» አሉ። አለቀ፤ እንጨት ሆነ።

እናቴ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችኝና «አንቺ ተምረሻል፤ ሄደሽ ተዋዋይ» አለችኝ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቅ እንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መላጊያቸውን አስቀምጠው ተቀበሉኝ።

«ጋሼ፣ የግቢ በር ይሠሩልናል?»

«እንሠራለን ልጄ። ስንት በስንት ነው?»

«ያው… እንደ በር ነዋ!»

ሳቁብኝ። በማግሥቱ ራሳቸው መጥተው ለኩ፦ ስፋቱ 2.40 ሜትር፣ ቁመቱ 2.10፣ ባለ ሁለት ተከፋች። የእኔ ድርሻ ከስልኬ ላይ አንድ ያማረ የበር ፎቶ ማሳየትና «ልክ እንደዚህ» ማለት ብቻ ሆነ። ስለ እንጨቱ ሲጠይቁኝ «ዋጋው ቀለል ያለ ሆኖ ጥሩ የሆነውን» አልኩ። መቼ እንደምፈልገው ሲጠይቁኝ «ለፋሲካ» አልኩ። ከዋጋው 70 በመቶውን ከፈልኩ፤ ከደብተር በተቀደደች ወረቀት ላይ «የበር ቀብድ» የሚል ጽሑፍና ፊርማ ተቀበልኩ። ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ምን ልበላችሁ፣ ሸሚዝ ስገዛ እንኳ ከዚያ የበለጠ እከራከራለሁ።

በሩ ሚያዝያ 24 ቀን ተገጠመ፤ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው። እንዴት ያምር ነበር! እማማ በእጃቸው እየዳሰሱ መረቁን። የጎረቤት ሰው ሁሉ «ማን ሠራላችሁ?» ይል ነበር።

የግንቦት ፀሐይ ሲበረታ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት መታየት ጀመረ። መንገደኛው ሁሉ ግቢያችንን እያየ ማለፍ ጀመረ። ወዲያው ደወልኩና «ክፍተቱ ይደፈንልን» አልኩ። ረዳታቸው መጣና በየክፍተቱ ቀጭን ቀጭን ስንጥር እያስገባ በኮላ አጣበቀው። ደስ አለን። ሰኔ ላይ በሩ መሬቱን መፋቅ ጀመረ። ሐምሌ ላይ ለመክፈት ሁለት ሰው ይፈልግ ጀመር። ነሐሴ ላይ የሆነውን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ተናድጄ ሄድኩ

በማግሥቱ ምን ምን እንደምናገር መንገድ ላይ እየተለማመድኩ ሄድኩ። ባለሙያው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ስለ እማማ ጤና ጠየቁ፤ ዱካ ስበው አስቀመጡኝ። ከዚያ ከጥግ ሁለት ቁራጭ ጣውላ አንስተው በሁለቱ እጆቼ አስያዙኝ። መጠናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ከሌላው በጣም ይከብዳል።

«ይሄ ከተሰነጠቀ ሁለት ወሩ ነው፤ ያኛው ሁለት ዓመቱ። ያንቺ በር እንደ ከባዱ ነበር። እንጨቱ አልደረቀም፣ ትንሽ ይቆይ ብዬሽ ነበር። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

አስታወስኩ። «ለፋሲካ ካልደረሰ ሌላ ጋ እሄዳለሁ» ነበር ያልኩት። መልስ አጣሁ።

እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ሥራው እንዳይሄድብኝ ብዬ እሺ አልኩ። ስንጥሩንም ራሴ ብመጣ ኖሮ አላስገባውም ነበር።» የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? ያፈሰስነው ሁለታችን ነን። አነሰም በዛም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሥራ ቤት እንደ ክፍል ተመላለስኩበት። የተማርኩትን እነሆ።

እንጨት ለምን ያብጣል?

ዛፍ በቁሙ ሳለ ውኃ የሞላው ነው። ውኃው የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በእንጨቱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ባዶ ቦታ፣ ሌላው በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ። ዛፉ ተቆርጦ ሲደርቅ በመጀመሪያ የሚወጣው የባዶው ቦታ ውኃ ነው። ያኔ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይቀንስም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን የግድግዳው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም የሚኮማተረው ከዚህ በኋላ ነው። ለውጭ በር የሚሆን እንጨት ከ12 እስከ 15 በመቶ ባለው እርጥበት ላይ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ልብ በሉ፣ እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በርዝመቱ ሁለት ሜትር ጣውላ ቢቀንስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በስፋቱ ግን ከርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ፣ እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ችግሩ ደግሞ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። የደረቀ እንጨት ክረምት ሲመጣ ከአየሩና ከዝናቡ እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ ይሰፋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ይጠባል። በቃ ዕድሜ ልኩን እንደዚህ ይተነፍሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ በራችን እንምጣ። አንዱ ተከፋች 15 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ ስምንት ጣውላዎች አሉት፤ 120 ሳንቲ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጣውላ 2 በመቶ ብቻ ቢሰፋ 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ስምንት ጊዜ ሦስት ሃያ አራት ሚሊ ሜትር፤ ለሁለቱ ተከፋች ወደ 5 ሳንቲ ሊጠጋ ነው። በሁለቱ ተከፋቾች መካከል የተተወልን ክፍተት ግን ግማሽ ሳንቲ ብቻ ነበር።

ታዲያ በሩ ሲሠራ ርጥብ ከነበረ፣ ክረምት ላይ ቢያብጥ ወደ ድሮ መጠኑ ይመለሳል እንጂ ለምን ያልፋል? እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱ ስንጥሩ ነው። ግንቦት ላይ ጣውላዎቹ ሲጠቡ የተፈጠረውን ክፍተት በስንጥር ሞላነው፤ ለማበጥ የሚያስፈልገውን ቦታ በገዛ እጃችን ወሰድንበት። ክረምት ሲመጣ ጣውላዎቹ ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ሲሉ ቦታቸው ተይዟል። የቀራቸው መንገድ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ ገፉ።

መድረቁን በምን እናውቃለን?

ባለሙያዎች በግምት የሚይዙት አንድ መለኪያ አለ፦ ጥላ ስር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የተደረደረ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። የእኛ 4 ሳንቲ ስለሆነ አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። እርግጥ እንደ ዛፉና እንደ አየሩ ሁኔታ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ሁለት ወር ግን በምንም ሒሳብ አይበቃም።

ዕድሜውን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ እጃችሁንና ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ርጥብ ጣውላ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ መዳፍ ሲያርፍበት ይቀዘቅዛል፤ በጣት ሲመታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ለእርጥበት መለኪያ የተሠራ ትንሽ መሣሪያም አለ። እሱ ከሌለ ሚዛን ይበቃል፦ ከጣውላው ቁራጭ አስቆርጣችሁ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ሙቅ ቦታ አድርቁት፤ እንደገና መዝኑት። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍሉት፤ በመቶኛ ሲሰላ እርጥበቱ ያ ነው።

የትኛው ዛፍ?

«ጥሩ እንጨት» የሚባል አንድ እንጨት የለም። ለምን ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላግና ለመቅረጽ ይመቻል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፤ ለበርና ለቤት ዕቃ የተወደደው በዚህ ነው። ጽድ ምስጥንና መበስበስን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ምስማር ሲመታበት ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለሥራ የሚገራ ነው፤ መሬት ከነካ ግን ምስጥ ይደፍረዋል። ባህር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ከውጭ የመጣ ነው፤ ጠንካራ፣ በቅርብ የሚገኝና ዋጋው የሚቀል፣ ሲደርቅ ግን የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ያለው። እኔ «ቀለል ያለ ዋጋ» ስል በሌላ አነጋገር «ባህር ዛፍ» ማለቴ ነበር፤ አላወቅኩትም እንጂ። ባህር ዛፍን ሳይደርቅ አስቸኩሎ ማሠራት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ክብደቱም ይታሰብ። የእኛ አንድ ተከፋች መጠኑ 0.1 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በዋንዛ ቢሠራ ወደ 45 ኪሎ፣ በባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ደርቆም እንኳ ወደ 75 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማጠፊያው ነው፤ የማጠፊያው ብዛትና ውፍረት የሚወሰነው እንጨቱ ከታወቀ በኋላ መሆን አለበት።

ሌላው ጥያቄ እንጨቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተዋል። ቁም ነገሩ፣ እነዚህ ዛፎች ጥበቃ እስከሚያስፈልጋቸው ድረስ የተመናመኑ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ዋንዛ በር የሚያሠራ ሰው፣ እንጨቱ ከግለሰብ ማሳ ይሁን ከደን ሻጩን መጠየቅና ሕጋዊ ወረቀት ማየት አለበት። ጋዜጠኛ ልንሆን ለምንማር ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ ምንጭ መጠየቅ ሥራችን ነው።

ፎቶ ንድፍ አይደለም

እኔ ያሳየሁት ፎቶ የበሩን ፊት ብቻ ያሳያል። በር የሚቆመው ግን በጀርባው ነው። የተከፋች ክብደት ሁልጊዜ መቀርቀሪያው ያለበትን ጎን ወደ ታች ይጎትታል። ይህን የሚከላከለው ከጀርባ በሰያፍ የሚገባ እንጨት ነው። አገባቡም ልክ አለው፦ ከማጠፊያው በኩል ካለው የታችኛው ማዕዘን ተነሥቶ በመቀርቀሪያው በኩል ወዳለው የላይኛው ማዕዘን መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን ሰያፉ ክብደቱን እየገፋ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ያወርደዋል። በተቃራኒው ከተገጠመ ግን ሸክሙ መጋጠሚያውን ይስበዋል፤ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። በእኛ በር ላይ ሰያፉ ጭራሽ አልነበረም፤ እኔ «ልክ እንደ ፎቶው» ስላልኩ አልገባም። ሰኔ ላይ መሬት መፋቅ የጀመረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥዕል ይሠራ። የመሥመር ችሎታ አያስፈልግም፤ እኔ የሳልኩት በር ሣጥን ይመስላል። ዋናው በላዩ ላይ የሚጻፈው ነው፦ ስፋት፣ ቁመት፣ ውፍረት፣ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ስንት ማጠፊያ፣ ሰያፉ በየት በኩል። ስፋቱ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ይለካ፤ ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸው በውኃ ልክ ይታይ። በሩ ሲከፈት የሚጠርገው መሬት ዳገት ከሆነም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

ይህን ያገኘሁት ለሚዲያ ሕግ ትምህርት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለውን ውል ያውቀዋል። አንቀጽ 2610 የሥራ ውልን ሲተረጉም፣ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ውጤት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ውጤቱ ምን እንደሆነ ካልተነጋገርን ግን በምን እንጠያየቃለን?

ስለ ቀብድ የሚናገሩት ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ያሉት ናቸው። ቀብድ መስጠት ውሉ መፈጸሙን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አሁን የእኔን ወረቀት አስቡት፤ ከዋጋው 70 በመቶውን ሰጥቼ «ቀብድ» ብዬ አስጽፌአለሁ። ሐሳቤን ብቀይር ያ ሁሉ የእናቴ ገንዘብ ሊቀር ነው! እሳቸውም ሥራውን ቢተዉ ከዋጋው 140 በመቶ ሊመልሱ ነው። ሁለታችንም ይህን አላሰብንም፤ እኛ ያሰብነው የእንጨት መግዣ ነበር። የእንጨት መግዣ ከሆነ «ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ቀብድ ከሆነም ትንሽ ይሁን።

ክፍያውንም በሥራው ደረጃ መከፋፈል ለሁለቱም ይበጃል፤ ለእንጨቱ መግዣ፣ ተሠርቶ ሳይቀባ ሲታይ፣ ተገጥሞ ሲያልቅ እያሉ። ሳይቀባ ማየት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀለምና ቫርኒሽ ብዙ ጉድ ይሸፍናሉ። ከመጨረሻው ክፍያ ጥቂቷን እስከ ክረምቱ ማቆየትም ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ተነጋግሮ እንጂ በኋላ በጉልበት አይደለም።

ስለ ባለሙያው

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። በአገራችን የእጅ ባለሙያን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ማንም በአደባባይ አይሳደብም፤ ንቀቱ ግን በሌላ መልክ አለ። ሐኪም «ይህ መድኃኒት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል» ሲለን እንቀበላለን። አናጺ «እንጨቱ ይቆይ» ሲለን ግን ሊያጭበረብረን ያሰበ ይመስለናል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እሳቸው ከእድሜዬ በላይ በእንጨት ውስጥ የኖሩ ሰው፤ እኔ በስልክ ፎቶ ያየሁ። ማን ማንን መስማት ነበረበት?

ይህን ስል ባለሙያ ሁሉ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። የማያምንበትን ሥራ «እሺ» ብሎ መቀበል የሙያ ጥፋት ነው፤ ራሳቸውም ብለውታል። የሚቀጥር ሰው መጠየቅ፣ የሚሠራ ሰው ደግሞ «አይሆንም» ማለት መቻል አለበት።

ሁለተኛው በር

በመጨረሻ ያለ ሽማግሌ ተስማማን። መስከረም 2017 በሩን አውርደው በታተኑት። ጣውላዎቹን አልጣሏቸውም፤ ከጣራ ስር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ነፋስ እንዲያልፍ አድርገው ደረደሯቸው። እኛም የድሮውን ቆርቆሮ በር መልሰን ገጠምን። እስከ ጥር ጠበቅን። እኔ ከአንዱ ጣውላ ቁራጭ ወስጄ መዘንኩ፤ 560 ግራም። ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ምድጃው ጥግ ላይ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው፤ እየሳቁ ተቀበሉኝ። ክብደቱ 490 ላይ ቆመ። ሰባ ለአራት መቶ ዘጠና ሲካፈል 14 በመቶ ገደማ። ወረቀቱን ለባለሙያው ሳሳያቸው «እኔ እኮ በእጄ ነግሬሽ ነበር» አሉኝ፤ ግን ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

በመጥረቢያ የፈለጥነው ጣውላ ብቻ በሌላ ተተካ። በዚህኛው በር ክብደቱን የሚይዘው ዙሪያውን ያለው ማዕቀፍና ሰያፉ ነው፤ የማዕቀፉ እንጨቶች አንዱ ተሰርስሮ ሌላው እየገባበት ተጋጠሙ። ጣውላዎቹ በጎናቸው ቦይ ወጥቶላቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቷል፤ በኮላ አልተጣበቁም። በየመካከላቸው 4 ሚሊ ሜትር ተትቷል። ሲጠቡም ቢሆን መንገደኛ አያይም፤ ሲሰፉ ቦታ አላቸው። ማጠፊያው ለእያንዳንዱ ተከፋች አራት ሆነ። ከመሬት 6 ሳንቲ ከፍ አለ። የጣውላዎቹ የታችኛው ጫፍ፣ ውኃ በብዛት የሚጠጣው እሱ ስለሆነ፣ ከመገጠሙ በፊት ሦስት ጊዜ ዘይት ተቀባ። እናቴ ለጉልበቱ ግማሹን ብቻ ከፈለች፤ ግማሹን እሳቸው ቻሉት። ይህ ሁሉ በሁለት ገጽ ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመናል።

የ2017 ክረምት ሲገባ ፈተናው መጣ። ሐምሌ ውስጥ ሌሊት ዝናብ ሲያይል ከአልጋዬ እየተነሣሁ በሩን ከፍቼ የምዘጋበት ጊዜ ነበር። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ትለኝ ነበር። ትንሽ ጠበቅ ይላል፤ ግን በአንድ እጅ ይከፈታል። ጠዋት ከፍተቱን በሳንቲም ጠርዝ እለካዋለሁ፤ ሳንቲሙ አልፎ ያውቃል፣ ጠብቆም ያውቃል፣ ገብቶ የቀረበት ቀን ግን የለም።

እንግዲህ አንባቢያን፣ በር ስታሠሩ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ምን ዓይነት እንጨት? ከየት የመጣ? መቼ የተሰነጠቀ? ለምን አገልግሎት? እንዴት ይገጠማል? ማን ለምኑ ኃላፊ ነው? መልሱን ጻፉት። ከዚያ ባለሙያው «ይቆይ» ካላችሁ አቆዩት። ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል።

እማማ አሁንም ማታ ማታ በሩ ሲዘጋ ያዳምጣሉ። አይጮህም። ለተኛ ሰው ያዝናል፤ ለታመመም ይከፈታል።